ለካሴ ዋስ ጠፋ

የአክስቴ የታይቱ ነገር ሲነሳ ሰው ሁሉ «ኃይለኛ ነበረች» ይላል። ያናድደኛል። ኃይለኛ ብትሆን ኖሮ ሁለት ዓመት ሙሉ ትታገሥ ነበር?

በሃምሳዎቹ ዓመታት ወረታ ገበያ ላይ ካሴ የሚባል ቅቤ ነጋዴ ነበር። ሌላው ነጋዴ ቅቤው አሬራ እንዳለበት ለማወቅ ቆንጠር ያደርግና የገዛ እጁ ጀርባ ላይ ያሻል። ካሴ ግን የሚያሸው ቅቤ ሊሸጡለት የመጡት ሴቶች እጅ ላይ ነው። ከእጅ ወደ ክንድ፣ ከክንድ ወደ ብብት። ሴቶቹ ሲሸሹት አጠገቡ የሚቀመጡት ወንዶች በሳቅ ይፈርሳሉ። «ጨዋታ እኮ ነው!» እናታቸው ላይ ሲሆንም ጨዋታ ይሉት እንደሆነ እንጃ።

ታይቱንም ቅቤ ይዛ በወጣች ቁጥር ሁለት ዓመት እንዲሁ ነካካት፤ ሴቶቹ ግን «ዝም በይ፣ ስምሽ ይጠፋል» ይሏታል። የሚነካው እሱ፣ ስሟ የሚጠፋው እሷ! ለባሏ ለአንለይ እንዳትነግረው፣ አንለይ ጠመንጃ ከማንሳት ሌላ መላ አያውቅም። ካሴን ቢገድል የካሴ ወንድሞች እሱን ሳይገድሉ አያድሩም። ገበያ እንዳትቀር፣ የቤቱ ጨውም የልጆቹ ልብስም ከዚያችው ቅቤ ነው።

አንድ የገበያ ቀን ካሴ ቅቤ የነካ እጁን ከነጠላዋ ሥር ሰድዶ ደረቷን ያዘ።

«በሕግ አምላክ! ቁም!» ብላ ጮኸች ታይቱ።

በሕግ አምላክ የተባለ ሰው ንቅንቅ አይልም። ካሴም ቆመ። የነጠላዋን ጫፍ ከጋቢው ጫፍ ጋር ቋጠረችና እየጎተተች ዋርካው ሥር ተቀምጠው ጠበኛ ወደሚዳኙት ወደ አባ ወልደ ሥላሴ ወሰደችው። ሳቂዎቹም ተከትለው መጡ።

«ኧረ ስጫወት ነው፣ አባ» አለ ካሴ።

«እማኝ አለሽ፣ ልጄ?» አሉ አባ።

ታይቱ ወደ ወንዶቹ ዞረች። አንዱ በሬ ያያል፣ አንዱ እግሩን ያያል። ቅድም ሲስቁ ዓይን ነበራቸው!

«የለኝም፣ አባ። እርስዎ ይኸን ይዩልኝ» ብላ ነጠላዋን ገለጥ አደረገች። ቀሚሷ ላይ የቅቤ ጣቶች ታትመዋል፤ አምስቱም።

አባ ጣቶቹን አንድ በአንድ ቆጠሩ። ከዚያ ወደ ካሴ ዞሩ።

«ዳግመኛ ሴት እንዳትነካ ዋስ ጥራ። እስክትጠራ ቋጠሮው አይፈታም።»

«አያ ደሞዝ!» አለ ካሴ፣ ከሁሉም አብልጦ ይስቅ የነበረውን ወዳጁን። ደሞዝ አሁንም በሬ ያያል። ሌሎቹንም በየስማቸው ጠራ። ለካሴ እጅ ዋስ የሚሆን ሞኝ ጠፋ፤ አመሉን ያውቁታላ!

«እንግዲያው ና፤ ቅቤዬ አልተሸጠም» አለችው ታይቱ።

ጎትታ ወደ መደቧ መለሰችው። ገበያው እስኪፈታ እንደተቋጠረ ከጎኗ ተቀመጠ። ያን ቀን ሴቶቹ፣ «ዝም በይ» ይሏት የነበሩት ሁሉ፣ ቅቤያቸውን ይዘው ተራ በተራ መጡ።

«በል እየው» ይሉታል።

ካሴም አንገቱን ደፍቶ፣ ቆንጠር እያደረገ፣ የገዛ እጁ ጀርባ ላይ አሸ።