እልል አላልኩም

አዳማ የመጣሁት ከባለቤቴ ጋር ከተለያየን በኋላ ነው። አሰላ ላይ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ ባየኝ ቁጥር ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እንዴት ነሽ?» ማለት ስለጀመረ፣ ማንም የማያውቀኝ ቦታ መኖር አማረኝ። አንድ የግል ክሊኒክ የላብራቶሪ ባለሙያ ሲፈልግ አመለከትኩና ተቀጠርኩ። የተመኘሁትን አገኘሁ። ቀኑን ሙሉ ደም ስቀዳና ውጤት ስጽፍ እውላለሁ፤ ከ«እጅዎን ይዘርጉ» እና ከ«ጨርሰናል» በቀር ከሰው ጋር የምነጋገረው ነገር የለም። ብዙም ሳይቆይ ግን ዝምታው ከበደኝ። ማታ ቤቴ ገብቼ ጉሮሮዬን ስጠርግ የራሴ ድምፅ እንግዳ ይሆንብኝ ጀመር።

የተከራየሁት አንድ ግቢ ውስጥ ያለች የሰርቪስ ክፍል ነበረች። አከራዬ ከአርሲ ገጠር ተድረው የመጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው አሮጊት ናቸው። ሰፈሩ በሙሉ በኦሮምኛ በአክብሮት «አዴ» ይላቸዋል፤ እኔም አዴ አልኳቸው። እሳቸው ደግሞ «ኢንተላ ኮ» ይሉኛል፣ ልጄ እንደማለት ነው። ሴት ልጃቸው ኩየራ አግብታ ትኖራለች። አብሯቸው የነበረው ወንዱ ልጃቸው ነው፤ ጋራዥ የሚሠራ፣ ግቢውን ሲያቋርጥ ሁልጊዜ የሚያፏጭ ልጅ። ሳሎኑ ውስጥ ያለውን ትልቅ ቴሌቪዥን የገዛው እሱ ነበር። እሁድ ኳስ ሲኖር ጎረቤቱ ከነልጆቹ እዚያ ይሰበሰባል። አዴ ኳስ አያውቁም፤ ሻይ እየቀዱ፣ ቆሎ እያዞሩ፣ ሰው ሲጮህ አብረው ይስቃሉ። እኔንም በር አንኳኩተው ይጠሩኝ ነበር። አዳማ ውስጥ ከሰው ጋር የምቀመጥባት ሰዓት እሷ ብቻ ነበረች።

ጦርነቱ ሲጀመር ሰፈሩ ውስጥ ብዙ ወኔ ነበር። ቀበሌው አደባባዩ ላይ ከበሮ አስመትቶ ወጣቶችን ሸኘ። የአዴ ልጅ ከእነሱ ጋር መሆኑን ለእናቱ የተናገረው በዚያው ቀን ጧት ነው። ሥራ ልሄድ ስወጣ አዴ የውጭውን በር ይዘው ቆመዋል፤ ልጁ ቦርሳውን አንግቶ ጀርባውን ሰጥቶ ይሄዳል። ሄጄ አጠገባቸው ቆምኩ። ልጁ መታጠፊያው ጋ ሲደርስ አዴ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ከተው ነከሱት። ድምፅ አልወጣቸውም።

መጀመሪያ ላይ ይደውል ነበር። ከዚያ ስልኩ ጠፋ። ጦርነቱ ሲረዝም የሰፈሩ ወኔም ጠፋ። ሸቀጥ ተወደደ፤ የአንዱ ዘመድ ቆስሎ መጣ፤ የሌላው እንዳልመጣ በሹክሹክታ ተሰማ። ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ላይ ስለ ግንባር ማውራት ሲጀመር ሾፌሩ ወደ ዘፈን ይቀይረዋል፤ «መልሰው» የሚል ተሳፋሪ የለም። ሰው ጦርነቱን መጥላቱን ከፊቱ ታነባለህ እንጂ ከአፉ አትሰማም።

መሪው ለሕዝብ ንግግር ያደርጋል የተባለው አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው። ስለ ተኩስ ማቆም ይናገራል የሚል ወሬ ስለነበር ሁሉም መስማት ፈለገ። እንደ ኳሱ ቀን የአዴ ሳሎን ሞላ። ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ያላቸው የወሎ ሰው ሱቃቸውን ዘግተው መጡ። ጡረታ የወጡት የከባድ መኪና ሹፌር የራሳቸውን ዱካ ይዘው መጡ። ቀበሌ የምትሠራው ጎረቤታችንም መጣች፤ ያን ቀን ወጣቶቹ ሲሸኙ ሰልፉን ካስተባበሩት አንዷ እሷ ነበረች። ሌሎችም ነበሩ። ሙቀቱ ስለከበደ በሩን ከፍተን አቧራ የቀላቀለው ንፋስ እየገባብን ነው የተቀመጥነው።

ተኩስ ማቆም የሚል ነገር አልመጣም። ድሉ ቅርብ እንደሆነ ነገረን፤ ትንሽ መታገስ እንዳለብንም ነገረን። ሹፌሩ በረጅሙ ተነፈሱ። ባለ ሱቁ መቁጠሪያቸውን ማንከባለል አቆሙ። ከዚያ ንግግሩ ወደ እናቶች ዞረ። እናቶች ልጆቻቸውን በእልልታ መርቀው እንደሸኙ፣ አገር እንደምትኮራባቸው ተናገረ። አዳራሽ ውስጥ የተቀመጡት ሰዎች አጨበጨቡ።

አዴ የሻይ ማንቆርቆሪያ ይዘው ቆመው ነበር። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡትና ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጉ። እንግዳ እንደሚያነጋግሩ ሆነው፣ ሳይቆጡ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ ተናገሩ።

«እኔ እልል አላልኩም። እርስዎ እዚያ አልነበሩም። በሩ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ እልል አላልኩም።»

ከዚያ ትንሽ ጠበቁ። መልስ የሚመጣ ይመስል ነበር። መሪው ሌላ ነገር ማውራቱን ቀጠለ።

የቀበሌዋ ሴት ስልኳን አውጥታ የጠፋውን ስክሪን ታያለች። አንዷ እናት ልጇን ጭኗ ላይ ሳበችና አፉን በእጇ ሸፈነች፤ ልጁ እኮ ምንም አላለም ነበር። ባለ ሱቁ ቀድመው ተነሡ፤ ሱቁን ልክፈት አሉ። ሹፌሩ ዱካቸውን አንሥተው ተከተሉ። ከዚያ ሌላውም አንድ በአንድ ወጣ፤ ወደ አዴ የሚያይ አልነበረም። ንግግሩ ሳያልቅ ክፍሉ ውስጥ አዴና እኔ ቀረን። ተነሥቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እስከ መጨረሻው ሰማነው። ሲያልቅ አዴ ራሳቸው አጠፉት፤ እኔ ብርጭቆዎቹን ሰብስቤ አጠብኩ። አብዛኞቹ እንደ ሞሉ ነበሩ።

በማግስቱ ክሊኒኩ ውስጥ ስለ ንግግሩ ያነሣ ሰው አልነበረም። አንዲት ነርስ በስልኳ ከፍታ ስትሰማ ሌላዋ ጭንቅላቴን አሞኛል ብላ እንድትዘጋው ለመነቻት። ለምርመራ ደም ልትሰጥ የመጣች አንዲት ሴት እጇን ዘርግታ ሳለ ንግግሩን ሰምቼ እንደሆን ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። የምትለውን ጠበቅሁ፤ እሷም የምለውን ጠበቀች። መርፌውን አወጣሁ፣ ጥጡን ያዘች፣ ወጣች። ያን ዕለት ወደ ቤት ስሄድ ከተማው ውስጥ ስንት ሰው እንደኛ አፉን ይዞ እንደሚሄድ ሳስብ ብቸኝነቴ የኔ ብቻ አልመስል አለኝ። ይህም አላጽናናኝም።

በዚያ ሳምንት አንድ ያልጠበቅሁት ነገር ሆነ። ጎረቤቶቹ ተራ በተራ፣ ለየብቻቸው ወደ አዴ መምጣት ጀመሩ። ባለ ሱቁ ስኳር በፌስታል ይዘው መጡና በሩ ላይ ቆመው፣ የተናገሩት የኔንም ነው ብለው ሄዱ። ሹፌሩ በምሳ ሰዓት፣ መንገዱ ጭር ሲል ገቡ፤ የወንድማቸው ልጅ እዚያው ግንባር እንዳለ፣ ለሰው ግን ዱባይ ሄዷል እያሉ እንደሚያወሩ ነገሯቸው። ከሁሉም በኋላ የቀበሌዋ ሴት መጣች። ሻሿን እስከ ቅንድቧ ስባ ነበር። ልብስ ላሰጣ ወጥቼ ስለነበር በተከፈተው መስኮት ሰማኋት፤ ታለቅሳለች። ስማቸውን ጠርታ የሸኘቻቸው ልጆች በሕልሟ እንደሚመጡባት ተናገረች። ስትወጣ ግን ፊቷን ጠርጋ እንዲህ አለች፤

«አዴ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፤ ከእንግዲህ ሰው ባለበት እንዲህ አይበሉ። እኔም የማሳድጋቸው ልጆች አሉኝ።»

በቀጣዩ እሁድ ኳስ ነበር። አዴ እንደ ወትሮው ሻዩን አፍልተው፣ ቆሎውን ቆልተው ጠበቁ። የመጣሁት እኔ ብቻ ነኝ። ከመንገዱ ማዶ ጩኸት ሲሰማ ባለ ሱቁ ሱቃቸው ውስጥ ቴሌቪዥን እንዳስገቡና ሰፈሩ እዚያ እንደተሰበሰበ ገባን። መንገድ ላይም ሰው ለአዴ ሰላምታ ይሰጣል፤ ግን እየሄደ ነው የሚሰጠው። ሠርግ ቤት ከእሳቸው ቀጥሎ ያለው ወንበር ሌላው ሁሉ ሲሞላ ነው የሚያዘው። ክፉ የተናገራቸው ሰው የለም። የተናገሩትን ሰምቶ አጠገባቸው ታየ መባልን ነው ሁሉም የፈራው።

አንድ ቀን ሽንኩርት አብረን ስንልጥ አዴ ራሳቸው አነሡት። «ለየብቻቸው ሲሆኑ ሁሉም ከኔ ጋር ናቸው» አሉኝ። «ሲሰበሰቡ አንድም ሰው የለኝም። ይሄ እንዴት ነው የሚሆነው፣ ኢንተላ ኮ?» ከዚያ ወዲህ ቴሌቪዥኑን ማየት ተዉ። ላዩ ላይ ጨርቅ አለበሱት። ማታ ማታ እሳቸው ጋ እየሄድኩ እራቴን መብላት ጀመርኩ፤ ብዙ አናወራም፤ የእሳቸው አማርኛ ሲያልቅ የኔ ኦሮምኛ አይደርስም ነበር። ግን ሁለት ሳህን ይቀርብ ነበር፤ ለእኔ ያ ብዙ ነው።

በስተመጨረሻ ጦርነቱ ቆመ። እሱንም ያወጀው ያው መሪ ነው፤ አዴ ግን አልሰሙትም፤ እኔ ነኝ ከክሊኒኩ ሮጬ መጥቼ የነገርኳቸው። ደስ አላላቸውም፤ «ልጄን ሲያመጡልኝ እሰማለሁ» ብቻ አሉ። ልጁ የመጣው ከብዙ ሳምንታት በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። ማንም ሳያመጣው ብቻውን በባጃጅ መጣ። በጣም ከስቷል፤ የግራ ጆሮው አይሰማም። አዴ ጉልበቱን አቅፈው ወለሉ ላይ ተቀመጡ፤ እሱ ደግሞ ቆሞ ጭንቅላታቸውን ይዳብሳል። ሲያፏጭ ግን ዳግመኛ አልሰማሁትም።

በነጋታው ሰፈሩ በሙሉ አንድ ላይ መጣ። ባለ ሱቁ በግ ይዘው መጡ፤ ሴቶቹ ድፎ ዳቦ ተሸክመው መጡ። ሳሎኑ ከሞላ በኋላ የቀበሌዋ ሴት ተነሥታ ተናገረች። ሰፈሩ በዚያ ክፉ ቀን አዴን ለአፍታ እንኳ እንዳልተለያቸው፣ እንደ እናት እንደጠበቃቸው ተናገረች። ሰዉ አጨበጨበ። አዴ ሻይ ይቀዱ ነበር፤ ቀና አላሉም። የሁሉንም ብርጭቆ እኩል ሞሉና ጓዳ ገቡ። ተከትያቸው ስገባ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመው አገኘኋቸው። ደክሞኛል አሉኝ።

ልጁ በማግስቱ ጧት ቧንቧው ጋ ፊቱን ሲታጠብ አገኘሁት። በሚሰማው ጆሮው በኩል ዞሬ ደህና አደርክ አልኩት። ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ ጠየቀኝ፤

«እናቴ ሰው ሁሉ ራቀኝ ትላለች። እነሱ ደግሞ አብረናት ነበርን ይላሉ። የቱ ነው እውነቱ?»

«ሁለቱም» አልኩት። «ለየብቻቸው አብረዋት ነበሩ።»

«እኛም ጋ እንደሱ ነበር» አለ። «ጉድጓድ ውስጥ ሁለት ሆነን ስናድር መዋጋት እፈልጋለሁ ያለኝ ሰው አላጋጠመኝም። ጧት ተሰልፈን ስንጠየቅ ግን ሁላችንም በአንድ ድምፅ እንጮህ ነበር። እኔም እጮህ ነበር።»

ከዚህ በኋላ ስለ ጦርነቱ ሲያወራ አልሰማሁም። ጋራዥ መመለስ አልቻለም፤ የመዶሻው ድምፅ የቀረውን ጆሮውን እየወጋ ያስለቅሰዋል። አንድ ዘመዱ ላንጋኖ ሐይቁ ዳር ያለ ሆቴል ውስጥ አትክልተኛ አድርጎ አስቀጠረው። ጸጥ ያለ ቦታ ነው፤ ተስማማው። አዴ ባዶ ቤት ውስጥ ብዙ አልቆዩም። ለሁለቱም ልጆቻቸው ቅርብ ለመሆን ግቢውን አከራይተው ሴቷ ልጃቸው ጋ ኩየራ ገቡ። ዕቃቸው ሲጫን ጎረቤቶቹ ሁሉ ወጥተው አገዙ፤ አንዳንዶቹ አለቀሱ። ማልቀሳቸው የምር ነበር።

ቴሌቪዥኑን ለእኔ ተዉልኝ። እምቢ ብል ቅር ይላቸዋል ብዬ ተቀበልኩ። ክፍሌ ጠባብ ስለሆነች ግድግዳውን ይሞላዋል፤ ከሥራ ስመለስ የሰው ድምፅ እንዲኖር እከፍተዋለሁ። ዋናውን ቤት የተከራዩት ባልና ሚስት መልካም ሰዎች ናቸው፤ በሩ ላይ ስንገናኝ ስለ ውሃ መጥፋት እናወራለን።

ባለፈው ክረምት ኩየራ ሄጄ ጠየቅኋቸው። ስደርስ ሊዘንብ ነበር። አዴ ደጃፍ ላይ ከልጅ ልጃቸው ጋር ተቀምጠው በቆሎ ይፈለፍላሉ። አገላብጠው ሳሙኝ፤ ከስተሻል ብለው ተቆጡኝ። ልጃቸው በየወሩ ከላንጋኖ እንደሚመጣ፣ ሚስት እንዲያገባ ሲሉት እንደሚስቅ ነገሩኝ። የዚህ ሰፈር ጎረቤትስ እንዴት ነው አልኳቸው። ጥሩ ሰዎች ናቸው አሉ፤ ይጠሩኛል፣ እጠራቸዋለሁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ስለዚያ ነገር ግን አልነገርኳቸውም። ልጄ ወታደር እንደነበረም አያውቁም። እዚህ ከሁሉም ጋር እቀመጣለሁ፤ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ።»

እደሪ አሉኝ፤ በማግስቱ ተረኛ ነበርኩና አልቻልኩም። በቆሎ በፌስታል ሞልተው ሰጡኝ። ዝናቡ ሲጀምር መኪና ውስጥ ነበርኩ። ዝዋይን እስክናልፍ ድረስ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት በስልኳ ድምፁን ቀንሳ ዜና ታይ ነበር። አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ፤ የሆነ ነገር ልትለኝ ፈልጋ ነበር መሰለኝ። እኔም ልጠይቃት ፈለግሁ። ሞጆ ላይ ወረደች።