ትኋን የቆጠርንበት ግድግዳ

ልጆቹ «የታሰርሽበትን ንገሪን» እያሉ ሰነበቱ። የልጅ ልጆቼ ናቸው፤ አንዴ ወልቂጤ፣ አንዴ ቡታጅራ እየዞርኩ የማድረው እነሱ ጋ ነው። እኔ ወሬ ስጀምር በሌላ መንገድ እገባለሁና ይኸው ከጥጡ ልነሳ።

ከቡታጅራ ወረድ ብሎ ቆላው ላይ ልጄ ጥጥ ይዘራል። ዱሮ ትል ሲገባበት መርዝ በጀርባ ተሸክሞ መርጨት ብቻ ነበር የምናውቀው። እሱንም «መድኃኒት» ነበር የምንለው። ኋላ አንዲት የእርሻ ባለሙያ መጥታ ሳትቆጥሩ አትርጩ አለችን። ለካ ጥጡን የሚበላ ትል አለ፣ ትሉን የሚበላ ጥንዚዛም አለ፤ መርዙ ሁለቱንም ይጨርሳል። ከዚያ ወዲህ እኛ ሴቶች ጠዋት ጠዋት ተሰብስበን ቅጠል እየገለበጥን እንቆጥራለን። ጥንዚዛው ካነሰ የበቆሎ ዱቄት ከእርሾ ጋር በውኃ በጥብጠን እንረጫለን፤ ሽታው ይጠራዋል። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ትልና ጥንዚዛ ግን ቆጥሬያለሁ።

ስብሰባ የተከለከለበት ሰሞን ነበር። ፖሊሶች ማሳው ድረስ መጡና ማን እንደሚሰበስበን ጠየቁ። ሌሎቹ ሕፃን ያዘሉ ናቸው። «እኔ ነኝ» አልኩ። ጫማዬ ጭቃ እንደያዘ መኪና ላይ ጫኑኝና ወደ ከተማ ወጣን።

ክፍሏ መስኮት አልነበራትም፤ ከበሩ በላይ እጅ የማታስገባ ሽንቁር ብቻ። አምስት ሴቶች ነበርን። አንዷ አራስ ናት፤ ባሏ ሲታጣ እሷን ነው ያመጧት። ልጇ አርባ ቀን አልሞላውም፣ ሲተነፍስ ደረቱ ሲር ሲር ይላል። ትኋኑ ፊቱን አሳብጦታል። እኔን በየቀኑ እየጠሩ ማን እንደላከን ይጠይቁኛል። ትሉ ነው እላለሁ፤ አይስቁም።

በአራተኛው ቀን ገና በሩ ሳይከፈት ሽታውን አወቅኩት፤ የጥጡ መርዝ ነው። ጠባቂው መርጫውን በጀርባው አዝሎ ገባ። ከሰሜን የመጣ ረጅም ሰው፣ ከጠባቂዎቹ ሁሉ ዝምተኛው። አለቃው ትኋኑ ይረጭ ብሎ አዟል፣ ፊታችሁን ሸፍኑ አለን። እንውጣ ብንለው አልተፈቀደም አለ። አራሷ ልጇን ሻርፗ ውስጥ ከተተችው። ሲር ሲር ማለቱ ግን ይሰማል።

ጉልበቴን ይዤ ተነሳሁና ፊቱ ቆምኩ።

«ልጄ፣ ቆጥረሃል?»

«ምኑን?»

«ትኋኑን። እኛ ቆላ ሳንቆጥር አንረጭም።»

«እማማ፣ ይሄ ጥጥ አይደለም።»

«አይደለም። ጥጥ አይታፈንም።»

ወደ ሻርፑ አየ። እስከ ነገ ጊዜ ስጠን፣ ቁጥሩ ካልቀነሰ ከኔ ጀምረህ ትረጫለህ አልኩት። ከዚያ መርጫውን ከጀርባው አወረደ።

መጀመሪያ ቆጠርን። ፍራሹን እየገለበጥን፣ ለአንድ ትኋን አንድ ጭረት በከሰል ግድግዳው ላይ። እሱም በሩ ላይ ቆሞ ሲያይ ቆይቶ አንዱን ዘለልሽ ብሎ አረመኝ። ፍራሾቹን ፀሐይ ላይ አወጣልን፣ የፈላ ውኃ በድስት አመጣልን። ስንጥቁን ሁሉ በፈላ ውኃ አጠብን፣ የፍራሹን ስፌት በጥፍር ለቀምን፣ ቀዳዳውን በጭቃ ደፈንን። በማግስቱ ስንቆጥር ጭረቱ የአንድ እጅ ጣት አልሞላም። አልሐምዱሊላህ፣ ሕፃኑም ተኝቶ አደረ።

ቁጥሩን ላሳየው ብጠብቅ በሩን የከፈተው ሌላ ጠባቂ ሆነ። ያኛው የት ሄደ ብዬ ብጠይቀው አንቺን አይመለከትሽም አለኝ። ተዛውሮ ይሆናል አልኩ። ቢረጭም ኖሮ አልፈርድበትም፤ እንጀራው ነው። መርጫው ግን ተመልሶ አልመጣም።

የዚያኑ ቀን ከጎናችን ያለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ አንድ ሰው ለብቻው አስገቡ። ማናገር ክልክል ነው ተባልን። ድምፁ አይሰማም፤ የሚጠይቀው ዘመድም ሲመጣ አልሰማንም። በእስር ቤት አዲስ ገቢ ሳይበላ ሌላው አይጎርስም። ልጄ ያመጣልኝን ቆጮ ለሁለት ቆረስኩና አይብ ደርቤበት፣ ለጎረቤት አድርስልኝ ብዬ ለአዲሱ ጠባቂ ሰጠሁት። ጥፋቱ ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግድግዳው ሁለቴ ተንኳኳ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ እንዲሁ ሆነ፤ እልካለሁ፣ ያንኳኳል። ስፈታም መጀመሪያ ያደረግኩት ግድግዳውን ሁለቴ ማንኳኳት ነው። መለሰልኝ።

አሁንም ቆላ ስወርድ ቅጠል እገለብጣለሁ። ዓይኔ ስለደከመ በጣቴ እየዳበስኩ ነው።

ዓመታት አልፈው ቡታጅራ ገበያ በርበሬ ስመርጥ አንድ ረጅም ሰው ፊቴ ቆመ። መለዮ አልለበሰም። «እማማ፣ ስንት ቀረ?» አለኝ። ቁጥሩን ነው የሚጠይቀው። አራት ነበር አልኩት፤ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ታዲያ ያን ቀን የት ጠፋህ ብዬ ብጠይቀው ሳቅ አለ።

«የትም አልጠፋሁ። አልረጭም በማለቴ ከጎናችሁ አሰሩኝ እኮ» አለኝ። «ቆጮ መብላት የለመድኩት እዚያ ነው።»