ስለ ፈሪሳውያን ያነበብኩት ግማሽ ገጽ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሶስና የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ወረቀቶቿን ዘርግታ ስትጽፍ አገኘኋት። የፊታችን እሑድ የዓቢይ ጾሙ ኒቆዲሞስ ነው፤ ሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናቱን የምታስተምረው እሷ ናት። «ማም፣ ፈሪሳውያን ሁሉም ባድ አልነበሩም፣ አይደል?» አለችኝ። ምስር እየለቀምኩ ነበር። ጥያቄዋ ወደ አንድ የቆየ ዓቢይ ጾም መለሰኝ።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነው፤ ሚኒሶታ ሁለተኛ ክረምቴ። የምኖረው ኢገን በምትባል የከተማ ዳርቻ፣ ባስመጡኝና ጋሼ በምላቸው አጎቴ ቤት ነበር። ከእሳቸው በቀር በዚህ አገር ዘመድ አልነበረኝም። ጋሼ የቤተ ክርስቲያናችን ሰበካ ጉባኤ ሊቀ መንበር ነበሩ። ሲቆጡ አይጮሁም፤ ዝም ነው የሚሉት። እኔም የምፈራው ያንን ዝምታ ነበር።

ሲዋርድ በሚባል ሰፈር ለቤተ ክርስቲያን በተከራየነው አዳራሽ ዲያቆን ታምራት የሚባል ወጣት መምህር ያስተምረን ነበር። በዚያ ዓቢይ ጾም በጌታ ዘመን የነበሩትን የአይሁድ ወገኖች አንድ በአንድ አስረዳን። ሰዱቃውያን ቤተ መቅደሱን የያዙ ባለ ሥልጣናት ናቸው፤ ትንሣኤ ሙታንን አይቀበሉም። ፈሪሳውያን ግን ሕጉን ለተራው ሰው ያስተማሩ፣ ትንሣኤን የሚያምኑ ነበሩ፤ ኒቆዲሞስም ጳውሎስም ከእነሱ ወጥተዋል አለን። ቀጥሎም፣ ብዙዎቹን ያጠፋቸው ከበሬታ መውደድ እንደሆነ ነገረን። እኔ እንደ ልማዴ ሁሉንም ጻፍኩ።

በሳምንቱ ዲያቆኑ ፈሪሳውያንን ያመሰግናል፣ የቤተ ክርስቲያኗን ትምህርት በስውር የሚለውጥ ተሐድሶ ነው የሚል ወሬ ተነሣ። በእኛ ዘንድ ለመምህር ከዚህ የከፋ ስም የለም። ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ይባላል፤ የጨመረበት ሰው ግን አልነበረም። ጉባኤው ሊመረምረው ተሰበሰበ፤ ማስረጃው የእኔ ደብተር ሆነ።

ለስብሰባው ከኢገን ስንነሣ በረዶው ቀልጦ መንገዱ በጨውና በጭቃ ተለውሶ ነበር። ወንዙን እስክንሻገር ጋሼ ትንፍሽ አላሉም። ከዚያ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሡ፣ «እስከ ጳውሎስ ያለውን ብቻ ታነቢያለሽ» አሉኝ።

የቀረውስ ብዬ ጠየቅኩ።

«ሕዝቡ ከሚበተን አንድ ሰው ቢወጣ ይሻላል።»

ሊቀ ካህናቱ ቀያፋ ጌታን ለማስገደል በሸንጎው ፊት ይህንኑ እንደተናገረ ያስተማረን ራሱ ታምራት ነበር። ጋሼ የማንን ቃል እንደሚደግሙ ያወቁ አይመስለኝም። እኔ ግን አውቄ ነበር፤ አውቄም ዝም አልኩ። ከቤታቸው ቢያስወጡኝ የት እገባለሁ?

በጉባኤው ፊት ቀና ሳልል እስከ ጳውሎስ አነበብኩና፣ ከበሬታ መውደድ የሚለው ጋ ሳልደርስ ደብተሩን ዘጋሁት። ታምራት የቀረውንም ታንብበው ይላል ብዬ ፈራሁ፤ እንዲልም ተመኘሁ። እሱ አንገቱን ደፍቶ ቀረ። በማን ቤት እንደምኖር ስለሚያውቅ ይመስለኛል። በዚያው ቀን ከማስተማር አገዱት፤ ከፋሲካ በኋላ ከተማውን ለቆ ሄደ፣ ዳግመኛ አላየሁትም። ነገሩን ሆድ ይፍጀው ብዬ ለሶስና እንኳ ነግሬያት አላውቅም።

ሶስና ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ አሁንም መልሴን ትጠብቃለች። አዎ፣ ሁሉም ክፉ አልነበሩም ማለት ነበረብኝ። ከአፌ የወጣው ግን፣ «ይቺን ክፍል ብታልፊያት አይሻልም?» የሚል ነበር።

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ኋይ? ማንን ነው የምትፈሪው?»

ጋሼ ካረፉ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። የዛሬው ሊቀ መንበር ሰላምተኛ ሰው ነው፤ ዌስት ሴንት ፖል ያለው ይህ ቤትም የራሴ ነው፣ ማንም አያስወጣኝም። የአንድ ሰው ስም ልጠራላት ፈለግኩ፣ አጣሁ። ጋሼን ቀበርናቸው እንጂ ፍርሃቱን እኔው ይዤው ቀርቻለሁ፤ ለልጄም ላወርሳት ነበር።