አንድ ዘነቡ!

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ስንት ጊዜ ደጃቸው ደርሼ ሌላ ሌላውን ኃጢአት ዘርዝሬ፣ ይህችን ውጬ ተመልሻለሁ።

እኛ አስተናጋጆች ደንበኛ የመለሰውን ምግብ "ዘነቡ" እንለዋለን። ሳህኑን ይዘን ወደ ወጥ ቤት "አንድ ዘነቡ!" ብለን እንጮኻለን። ቃሉ ከየት እንደመጣ ግን ክርክር ነው። አንዱ "ዝናብ የመታው ምግብ ማለት ነው" ይላል፤ ሌላው ከጎንደር የመጣ ነው ብሎ ይምላል። እኔ ግን አውቃለሁ። ዘነቡ ሰው ነበረች።

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ካለ አንድ ምግብ ቤት እሷ ወጥ ሠሪ፣ እኔ አስተናጋጅ ነበርሁ። ረቡዕ ቀን አንድ መሪጌታ ሽሮ አዘዙኝ። እዚያ ቤት የሚጾመውም የማይጾመውም ስለሚበላ፣ "የጾም" ተብሎ ካልተነገረ ሽሮው ቅቤ ይገባበታል። እኔ ዘንግቼ "አንድ ሽሮ!" ብቻ አልሁ። መሪጌታ አንዴ ጎረሱና እጃቸው ቆመ።

"ልጄ፣ በረቡዕ ቅቤ አበላችሁኝ? አስገደፋችሁኝ?" አሉና አለቀሱ።

ባለቤቱ እየሮጠ መጣ። እኔ ምን አልሁ? "የጾም ብያት ነበር" አልሁ። እኔ ነኝ ያልሁት፤ ማንም አላስገደደኝም። ዘነቡ "በማርያም አልነገረኝም!" እያለች ማለች፤ መሪጌታ ያስገደፈች ተብላ ማን ይመናት? እዚያው ተባረረች። አገሯ ደልጊ ገባች አሉ።

በማግስቱ ሳህን ሲመለስ "አንድ ዘነቡ!" ብዬ የጮኽሁትም እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ቀልዱ ከጸና ውሸቴም እውነት የሚሆን መስሎኝ ነበር። አስተናጋጅ ቤት በቀየረ ቁጥር ስሟን ይዞት ሄደ፤ ከተማውን ሁሉ አዳረሰ። ከእንግዲህ በምን አፌ ልሰብስበው?

ዓምና ደልጊ ሄድሁ። ዘግይቻለሁ፤ ሞታለች። ጎረቤቷ፣ "ነፍሷን ይማረውና፣ ከባሕር ዳር ከመጣች ወዲያ ለድግስ እንኳ ድስት ነክታ አታውቅ" አሉኝ። ማን መሆኔን አልነገርኋቸውም። እዚያም ፈራሁ።

ዛሬ ዘንዘልማ የራሴ ምግብ ቤት አለኝ። ትናንት አስተናጋጆቼ ስለዚያ ቃል ሲከራከሩ ቆዩና፣ "ጋሼ፣ እርስዎ ሳያውቁት አይቀሩም" አሉኝ። "እኔ እንጃ" አልሁ። ወዲያው ሳህን ተመለሰ። ተቀብዬ ወደ ወጥ ቤት ዞርሁና፣ እንደ ልማዴ ስሟን ጮኽሁ።

ይቅር የምትለኝ እሷ ነበረች። እናንተ ይቅር አትበሉኝ።