ከአጥር ጀርባ የተቆረጠው ኬብል

የሸሕዲ ከተማዋ ስርጉት ክፉ ሴት አይደለችም፤ ቅናት ሲነሳባት ግን እግዜር ይሁናት! ባሏ አገኘሁ የስልክ መስመር ጠጋኝ ነው። በዚያ ሰሞን ሉሊት የምትባል ቴክኒሻን ከጎንደር ተመድባ መጣች። ከዚያ በኋላ ሰውየው ምሳ ሲበላም ሉሊት፣ እግሩን ሲታጠብም ሉሊት ሆነ።

«የውስጥ ሽቦዋን ራሷ በይዳ የሠራቻት መሣሪያ አለቻት» ይላል ዓይኑ እየበራ። «በሽቦው ውስጥ የኤሌክትሪክ ምት ትልካለች። ምቱ የተቆረጠው ቦታ ሲደርስ ማለፊያ ያጣና ይመለሳል። ሄዶ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ አይታ፣ ብልሽቱ ስንት ሜትር ላይ እንዳለ ቁጭ ብላ ትናገራለች!»

«ትናገር!» አለች ስርጉት፣ ወጡን ዘጭ አድርጋ እየጨለፈችለት። ስለ እሷ እንዲህ ያወራው መቼ ነው?

ሰኞ ሁለቱ በአንድ ሞተር ለሥራ መተማ ዮሐንስ ሊወርዱ መሆኑን ስትሰማ ጨርቋን ልትጥል ደረሰች። መስመር ሲቆረጥ አገኘሁ እዚህም እዚያም እየቆፈረ ሳምንት እንደሚፈጅ ታውቃለች። እዚሁ ቢቆረጥ እዚሁ ይውላል፣ ምሳውንም ቤቱ ይበላል። እናም እሁድ ቀትር ላይ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ከሙቀቱ ሸሽቶ ጋደም ሲል፣ ከአጥሯ ጀርባ ቆፍራ ወደ ከተማው ባንክ የሚያልፈውን የስልክ ኬብል በገጀራ በጠሰችው። አፈሩን መለሰችና የማሽላ አገዳ ደረበችበት።

ሰኞ ጠዋት የባንኩ ኢንተርኔት የለም። ሉሊት መሣሪያዋን ከሽቦው ጋር አገናኘች፣ አየች፣ ሜትሯን እየጎተተች መጣች፤ መጣችና ከስርጉት አጥር ሥር ቆመች። ወይ ጉድ!

«እዚህ ነው። አካፋ አምጣ» አለችው አገኘሁን።

እሱ ዞር ሲል ሉሊት አገዳውን ገለጠች፤ አፈሩን በእጇ ጫር ጫር አደረገችው። መዳቡ በአንድ ምት የተቆረጠ ነው። ቀና ስትል አጥሩን የተደገፈውን ገጀራ አየች፤ የኬብሉ ጥቁር ፕላስቲክ ስለቱ ላይ ተጣብቋል። በአጥሩ ክፍተት የምታያት ስርጉት አጥሩን ጨበጠች። የገዛ ሚስቱ መስመር ቆረጠች ከተባለ አገኘሁ ከእንጀራው መባረሩ ነው፤ እሷንስ ከዚያ በኋላ ያኖራታል?

ሉሊት ገጀራው ላይ የተጣበቀውን ፕላስቲክ በጣቷ ጠረገችው። ፒንሳዋን አውጥታ የሽቦውን ጫፎች አኘከቻቸው፣ ቆራረጠቻቸው። አገኘሁ አካፋውን ይዞ ሲመጣ፣

«አይጥ ነው የበላው» አለችው።

«ስርጉት፣ ጉብዝናዋን አየሽልኝ?» አለ አገኘሁ ከልቡ እየሳቀ።

«አየሁ።»

ጥገናው ረፋዱ ላይ አለቀ። ስርጉት ሉሊትን እንደዚያች ሰዓት ጠልታት አታውቅም፤ ብትሰድባት ይሻላት ነበር። ሁለቱ ወደ መተማ ለመሄድ ሞተር ላይ ሲወጡ ግን ተጠግታ፣

«መንገዱ መጥፎ ነው፤ ጠበቅ አድርገሽ ያዢው» አለቻት።