ኬላው ላይ የቆመው ቀብር

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ እንጦጦ ፓርክ ወሰደችኝ። በሩ ላይ አንዱ ጥበቃ «ግቡ» ሲለን ሌላው «ማን ፈቀደልህ?» ብሎ ተቆጣው። እነሱ ሲነታረኩ መኪናችን ወደፊትም ወደኋላም ሳትል ቆመች። እኔን ላብ አጠመቀኝ።

«እማዬ፣ ምነው? አመመሽ እንዴ?»

ምን ብዬ ልንገራት! በወጣትነቴ፣ በደርግ ዘመን፣ እዚሁ እንጦጦ ሥር ያለው ሰፈራችን ሁለት ጌታ ነበረው፤ ከታች የቀበሌው ሊቀመንበር፣ ከላይ የጦር ካምፑ ሻለቃ። አንዱ የፈቀደልንን የባሕር ዛፍ ጭራሮ ለቅመን ስንመለስ ሌላው ያስረናል።

አባቴ ነሐሴ ላይ አረፈ። ኑዛዜው ጋራው ላይ ካለው ቤተ ክርስቲያን፣ እናቱ ካረፈችበት ግቢ እንዲቀበር ነበር። ዕድርተኞቹ ቃሬዛውን ተሸክመው፣ ጭቃው እያንሸራተታቸው ከካምፑ ኬላ ሲደርሱ ሻለቃው አስቆማቸው።

«መንገዱ ከዛሬ ጀምሮ ዝግ ነው። ተመለሱ!»

ለቀብር የመጣው ሊቀመንበር ከኋላ ብቅ አለ። «ይህን ሕዝብ የማዝዘው እኔ ነኝ፣ ጓድ ሻለቃ! የሚመለስ ካለ ነገ ቀበሌ ቀርቦ ይጠየቃል።»

በቃ፣ ተያዝን። ብናልፍ ይተኩሱብናል፣ ብንመለስ እንታሰራለን። እነሱ «በማን ሥልጣን?» ሲባባሉ አባቴ ዝናብ ይመታዋል። የእርጥብ ባሕር ዛፍ ሽታ እስከ ዛሬ ያንገሸግሸኛል። እንደዚያን ቀን ሰው ጠልቼ አላውቅም።

ሬሳ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ በየመንገዱ እያሳረፉ ፍትሐት ማድረስ ወግ ነው። የአባቴ የነፍስ አባት እዚያው ጀመሩ። ወታደሮቹ ቆባቸውን አወለቁ፤ ሁለቱ ባለሥልጣኖችም አንገታቸውን ደፉ። ጸሎቱ ሲያልቅ ተሸካሚዎቹ ወደፊት ፈቀቅ አሉ፤ ቄሱ ወዲያው ሌላ ጀመሩ። እንደገና ፈቀቅ፣ እንደገና ፍትሐት። ማን ደፍሮ ያቋርጣል? ሻለቃው ቀና ሲል አባቴ ከነተሸካሚዎቹ ኬላውን አልፎ ነበር።

ንዴቱን በእኛ ላይ ተወጣ። ከኋላ የነበርነውን ሴቶች «አንድ ሰው አያልፍም!» አለን። ሊቀመንበሩም «መመለስ የለም» እንዳለ ነው። እናቴ ነጠላዋን አደግድጋ፣ «ልጄ፣ አሁን አፈር አልብሰውት ይሆን?» እያለች ትጠይቀኛለች። ወንዶቹ ቀብረው እስኪመጡ እዚያው ቆምን። ቤት ስንገባ ንፍሮው ቀዝቅዟል፤ እሷም አልቀመሰችም።

መንገዱ የተከፈተው ከክረምቱ በኋላ ነው። ስንደርስ ዝናቡ አፈሩን ደልድሎት፣ ሣር በቅሎበት ነበር። ከቀባሪዎቹ አንዱ «እዚህ ነው» ሲለን ሌላው «የለም፣ እዚያ ነው» አለን። እናቴ መሐል ላይ ቆማ አለቀሰች።

የፓርኩ ጥበቃዎች ተስማምተው ገባን። የልጅ ልጄ ሻይ አዘዘችልኝ፤ ጭጋጉ ጋራውን ሸፍኖት ነበር። የሻለቃውንና የሊቀመንበሩን መልክ ዛሬም ከሺህ ሰው መሐል እለየዋለሁ። የአባቴን መቃብር ግን አላውቀውም።