ለብቻ የማይዘፈን ዘፈን

ድምፄ አያምርም። ይህን አስቀድሜ ልናገረውና ይውጣልኝ። አባቴ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር፣ ገበያ ዳር ጨርቃ ጨርቅ ሲሸጥ የኖረ የስልጤ ነጋዴ ነው። ልጅ ሆኜ መደርደሪያው ሥር ተቀምጬ ሳንጎራጉር፣ «አላህ ድምፅ ሲያድል አንቺ ሱቅ ትጠብቂ ነበር መሰለኝ» ይለኛል። ደንበኞቹ ይስቃሉ፣ እኔም እስቃለሁ፣ ማንጎራጎሬን ግን አልተውኩም። እልኸኛ ነኝ። ዛሬ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ በወጣት ማዕከሉ የኪነ ጥበብ ክበብ እመራለሁ። ዘፈን የማይሆንላት ሰው እንዴት ዘፋኞችን ትመራለች ለሚለኝ፣ ኳስ መትተው የማያውቁ ስንቶች የእግር ኳስ ቡድን ይመሩ የለ እንዴ ብዬ እመልሳለሁ።

ማዕከሉ አንድ ሰፊ ክፍል ነው። ግማሹን ጆተኒ የሚጫወቱ ልጆች ይዘውታል፣ ግማሹን እኛ። ሥዕል የሚሞክሩት ግድግዳውን ተደግፈው፣ ቲያትር የሚያጠኑት መሀል ላይ፣ ዘፋኞቹ መስኮቱ ሥር። በሩ ላይ የባጃጅ ተራ አለ፤ «ሴቻ አንድ ሰው! ሴቻ አንድ ሰው!» የሚለው ጥሪ ስንት ቲያትር መሀል ገብቷል። አንድ ሰሞን ኃላፊዎች ክፍሉን ለዕቃ ማስቀመጫ ሊወስዱብን መጥተው ነበር። ወንበሬን በሩ ላይ አድርጌ የተማሪዎች ፈተና ሳርም ዋልኩ። ዕቃው ሌላ ቦታ ተገኘለት።

የማወራው ግን ስለ አንዲት ልጅ ነው። ከጨንቻ ወርዳ አሥራ አንደኛ ክፍል የምትማር፣ ከአራት ያገሯ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ የምትኖር ልጅ ናት። አባቷ ሸማኔ ናቸው። ጥጡን የሚፈትሉላቸው እናቷ ነበሩ፤ በዚያ ዓመት የእናቷን እጅ ቁርጥማት ያዘውና እንዝርት መያዝ አቃታቸው። ፈትል ከገበያ እየተገዛ የሚሠራ ሸማ ደግሞ ለሸማኔው የሚያተርፍለት ነገር የለም። አባቷ ሰው ላኩባት፦ ትምህርት ሲዘጋ ዕቃሽን ጠቅልለሽ ነይ፣ ከእንግዲህ ፈታይዋ አንቺ ነሽ የሚል።

አልቅሳ ብትነግረኝ ይሻለኝ ነበር። መስኮቱ ሥር ቆማ፣ ነገ ገበያ ነው እንደሚል ሰው፣ ረጋ ብላ ነገረችኝ። ያለቀስኩት እኔ ነኝ፤ ያውም ቤቴ ገብቼ፣ ያውም በንዴት። አባቷን ልቆጣ ብል ምን ብዬ? እሳቸው ክፉ አይደሉም፣ ቤት ነው ያስገደዳቸው። የሚያስቆጣ ሰው ያጣ ንዴት ደግሞ መሄጃ የለውም፣ ሲያንገበግብ ይከርማል።

በዚያው ሰሞን ወሬ መጣ። ከአዲስ አበባ አንድ የሙዚቃ ማሠልጠኛ ዳኞች ሊልክ ነው፤ ከዞኑ አንድ ወጣት መርጠው ይወስዳሉ። መኝታና ምግቡን ይችላሉ፣ ትምህርቱንም እዚያው ያስቀጥላሉ፣ የኪስ ገንዘብም አለው። የኪስ ገንዘቡን ስሰማ ልቤ ዘለለ። ልጅቷ እሱን ለቤቷ ብትልክ አባቷ ፈትል ይገዙበታል፣ እሷም ትማራለች። ደንቡ ተወዳዳሪው ያገሩን ባህላዊ ዘፈን፣ ብቻውን፣ ያለ መሣሪያ ይዝፈን ይላል። አንብቤ አስመዘገብኳት። ደንቡ ውስጥ ያለው ጉድ በወቅቱ አልታየኝም።

ውድድሩ በከተማው አዳራሽ ተከፈተ። አንድ ባለሥልጣን ስለ ወጣቶች ዕድል ረዘም ያለ ንግግር አደረጉና «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብለው ጨረሱ። ከዚያ ተወዳዳሪዎቹ አንድ በአንድ፣ ለየብቻቸው፣ ወጡ። የእኔዋ ልጅ ተራዋ ሲደርስ አባቷ የሠሩትን ነጠላ ለብሳ መድረኩ ላይ ቆመች። አንድ ከፍ ያለ ድምፅ አወጣች፤ ዝም አለች። ቆየት ብላ ሁለት አጫጭር ድምፆች ጣል አደረገች፤ እንደገና ዝም። አንድ ረዘም ያለ፤ ዝም። ከኋላዬ የተቀመጠ ሰው «ረሳችው፣ አይዞሽ» አለ። ዋናው ዳኛ፣ ጠጉራቸው የሸበተ ሰው፣ በደግነት አስቆሟት። ደንግጠሻል ልጄ፣ ነገ ጠዋት ድጋሚ የሚታዩ ስላሉ ከነሱ ጋር ነይ አሏት።

አልደነገጠችም፣ አልረሳችም። እኔ ነኝ የደነገጥኩት፣ ምክንያቱም የሆነው ነገር ገባኝ። እዚያ ደጋው ላይ ዘፈን የሚሠራው በብዙ ሰው ነው። ክበባችን ውስጥ አብረው ከሚዘፍኑት አምስት ልጆች፣ ከእሷና አብረዋት ከሚኖሩት አራቱ፣ አንዷ ታነሳለች፣ ሌላዋ ትከተላታለች፣ ሁለቱ ከሥር ሳያቋርጡ ይይዛሉ፤ የእሷ ድርሻ ከላይ፣ እነሱ ክፍት በሚተዉላት ቦታ ሁሉ መግባት ነው። መስኮቱ ሥር ቆመው ሲዘፍኑ የጆተኒዎቹ ልጆች ጨዋታ ያቆማሉ፣ ጆተኒ የሚያቆም ነገር ደግሞ ብዙ አይደለም። መድረኩ ላይ የዘፈነችው የራሷን ድርሻ ነው፣ አንድ ሳታጎድል። ዝም ያለችው ሌሎቹ በሚዘፍኑበት ቦታ ላይ ነው። ሌሎቹ ግን አልነበሩም።

ዳኛውን በር ላይ ጠብቄ ይህን አስረዳኋቸው። በጥሞና ሰሙኝ፤ ሙዚቃ የሚያውቁ ሰው ስለሆኑ ነገሩ ወዲያው ገባቸው።

«ልክ ነሽ» አሉኝ። «ግን ይዤ የመጣሁት አንድ አልጋ ነው። አምስቱን መውሰድ አልችልም፣ አንዷን ብቻዋን ሳልሰማት ደግሞ ልወስዳት አልችልም።»

ሰው ትክክል ሲሆንብኝ እጅግ እናደዳለሁ።

ከሰዓት በኋላ አምስቱንም ማዕከሉ ውስጥ ሰበሰብኳቸው። ከአንደኛዋ ድርሻ ቆርጬ፣ ከሌላዋ ቀጥዬ፣ ክፍት ቦታውን ሁሉ ደፍኜ አንድ ሰው የሚዘፍነው ዜማ ሠራሁ። ጨርቅ ሻጭ ቤት ነው ያደግኩት፣ መቀጣጠል አውቃለሁ። ልጅቷ በቶሎ ያዘችው፤ ስትዘፍነውም አማረ። አጨበጨብኩ። ከእኔ በቀር ያጨበጨበ የለም። አራቱ ልጆች መሬት መሬት ያያሉ።

«ቲቸር፣ ይሄ ጥሩ አይደለም» አለችኝ ልጅቷ።

ምኑ ነው ጥሩ ያልሆነው አልኳት።

«የነሱን እኔ ካልኩት፣ እነሱ የት ይቆማሉ?»

በዚህ አያያዝሽ አንቺ የምትቆሚው ጨንቻ ላይ፣ እንዝርት ይዘሽ ነው ብዬ ጮኽኩባት። አራቱም እኔን ደግፈው ያባብሏት ጀመር፤ ውሰጂው፣ እኛ ፈቅደናል አሏት። በመጨረሻ «እሺ» አለች። «እሺ» ማለት በኛ አገር ሁልጊዜ እሺ ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ፣ ነገሩ ለዛሬ ይለፍ ማለት ነው።

በማግስቱ ጠዋት መድረኩ ላይ ወጣች፤ ስሟ ተጠራ፤ ጀምሪ ተባለች። እሷ ግን ከመድረኩ ወርዳ ወደ ዳኞቹ ጠረጴዛ ሄደች። አዳራሹ ማጉረምረም ጀመረ። እኔ ዓይኔን በእጄ ሸፈንኩ፣ ከዚያ በጣቶቼ መሀል አየሁ።

«ደንቡ ብቻሽን ውጪ አለኝ። ብቻዬን ወጣሁ» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ዘፈኑ ግን ሰው ይፈልጋል።»

ወደ ዋናው ዳኛ ዞረች። አማርኛዋ የትምህርት ቤትና የገበያ ነው፤ ስትቸኩል አንቱታው ይጠፋባታል። «አንተ ይሄን ያዝ» አለቻቸውና አንድ ዝቅ ያለ ዜማ አሰማቻቸው። ከኋላ ሳቅ ተነሳ። ሰውየው ግራ ቀኝ አዩ፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ያዘዘቻቸውንም ደገሙላት። አጠገባቸው ለተቀመጡት ሴትዮ የመከተሉን ድርሻ ሰጠቻቸው፤ ለሦስተኛው፣ ለወጣቱ ዳኛ፣ የማንሳቱን። አንድ ሰው ጎደላት። አዳራሹን ቃኝታ ቃኝታ ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች።

ተማሪዎቼ እዚያ ነበሩ፤ ድምፄን የሚያውቅ ሁሉ ሳቀ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ግን ተነሳሁ፤ ስንቱን ልጅ «ውጡ፣ አትፍሩ» ብዬ ገፍቼ መድረክ ላይ ያወጣሁ ሰው ምን ብዬ ልቅር? የሰጠችኝ አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ የማይወጣ፣ የማይወርድ።

«ይሄን ብቻ ያዢ፣ ቲቸር» አለችኝ። «አትልቀቂው።»

ጀመርን። ወዲያው ዋናው ዳኛ ተሳሳቱ። የእሷ ድርሻ ያምራልና፣ ሳያውቁት እሱን ተከትለው ወደ ላይ ወጡ። እጇን አነሳች፣ ሁላችንም ቆምን። «የኔን አትከተል። ያንተን ያዝ» አለቻቸው። እንደገና ጀመርን። አሁንም እሳቸው ናቸው፣ አሁንም አስቆመቻቸው። ፊቷ ላይ ቁጣም ፍርሃትም አልነበረም። ሰውየው ላባቸውን ጠረጉና እንደገና ጀመሩ። በሦስተኛው ዘፈኑ በእግሩ ቆመ። ወጣቱ አነሳ፣ ሴትዮዋ ተከተሉ፣ እኔና ዋናው ዳኛ ከሥር ያዝን፣ እሷ በተከፈተላት ቦታ ሁሉ ከላይ ገባች፤ ትናንት ባዶ የነበረው ሁሉ ሞላ። ያቺን አንዲት ድምፅ ይዤ እንባዬ ይወርዳል። በሕይወቴ ድምፄ ለአንድ ነገር ሲያስፈልግ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። አልለቀቅኩትም።

የተመረጠው ሌላ ልጅ ነው። ድምፁ የጠራ፣ ብቻውን አዳራሹን የሞላ፣ ረጅም ልጅ። ይገባው ነበር፤ ይህን የምጽፈው ጥርሴን ነክሼ ነው። ዋናው ዳኛ ፈልገው አገኙኝ። እኛ የመጣነው የሚዘፍን ሰው ፍለጋ ነው፣ ይህቺ ልጅ ሌላውን የምታዘፍን ናት፣ ለእንደሷ ዓይነቱ ገና ቦታ አላዘጋጀንም አሉኝ። አዘጋጁ አልኳቸው። የቀለድኩ መስሏቸው ፈገግ አሉ። እንዳልቀለድኩ ሲያዩ ፈገግታውን ተዉት፣ እናነሳዋለን ብለው ጨብጠውኝ ሄዱ።

ልጅቷ ነጠላዋን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ነገ ወደ ቤት እወጣለሁ፣ አብረሽኝ ትወጫለሽ ወይ አለችኝ። ይህ ልመና አልነበረም፤ ግን እምቢ የምልበት አፍ አልነበረኝም።

ወደ ጨንቻ የሚወጣው ሚኒባስ ዳገቱን ሲያቃስት እኔ ንግግሬን አጠና ነበር። ውጤቷ እንዴት እንደሆነ፣ ስንት ክፍል እንደቀራት፣ ብትማር ለቤቱ ምን እንደምታመጣ፤ እንደ ሒሳብ ሠሌዳ ላይ ደረጃ በደረጃ። ከላይ ጉሙ ወርዷል፣ ብርዱ ከቆላ ለመጣ ሰው አጥንት ውስጥ ይገባል። ቤት ስንደርስ እናቷ የታመመ እጃቸውን ደብቀው በግራቸው ጨበጡኝ። አባትየው እግራቸውን የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ አድርገው ሥራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ብዙ ዓመት ሽሮ ሜዳ ሲሠሩ ስለኖሩ አማርኛቸው ከብዙ ሰው ይሻላል። ሥራዬን ባላቆም ይቅርታ አሉና መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ እየላኩ አዳመጡኝ።

ያጠናሁትን ሁሉ ተናገርኩ። አንድም አልረሳሁ። ስጨርስ፣ «መምህርት፣ ያሉት ሁሉ ልክ ነው» አሉኝ። «ድሩ ግን ማግ ይፈልጋል።»

አለቀ። የሚከራከረኝን ሰው አውቅበታለሁ፣ ልክ ነሽ ብሎ ሥራውን የሚቀጥል ሰው ግን አይሆንልኝም። ልጅቷ ከበሩ አጠገብ ቆማ የእናቷን እንዝርት እያየች ነው። ለክርክር ብዬ አልነበረም፤ ስላንገበገበኝ ብቻ ነው ያወጣሁት፤ ትናንት ልጅዎን ባዩዋት፣ ከአዲስ አበባ የመጣውን ትልቅ ሰው አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ፊት አስቆማ እንደገና አስጀመረችው አልኳቸው።

መወርወሪያው ቆመ።

«ማንን?»

«ዋናውን ዳኛ።»

«አስቆመችው?»

«ሁለት ጊዜ።»

«እሱስ?»

«እንደገና ጀመረ።»

ወደ ልጃቸው ዞረው በጋሞኛ አጭር ጥያቄ ጠየቋት። ጋሞኛዬ የገበያ ቢሆንም ይህችን ሰማኋት፤ ልክ ነበርሽ ወይ ነው ያሏት። ልክ ነበርኩ አለቻቸው። ከዚያ የጀመሩትን ሸማ በመዳፋቸው እያሻሹ፣ ሽሮ ሜዳ ሳለሁ ነጋዴው የሠራሁትን ወደ ብርሃን ያነሳውና መልሶ ይወረውርልኝ ነበር አሉኝ።

«እኔ ‹እንደገና ሥራ› ሲሉኝ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ መምህርት» አሉ። «ከቤቴ ‹እንደገና› የሚል ሰው ይወጣል ብዬ አላሰብኩም።»

ሚስታቸውን አዩዋቸው። ሚስታቸው አንገታቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

«ባያተርፈኝም ፈትሉን ከገበያ እገዛለሁ» አሉ አባትየው፣ መወርወሪያውን መልሰው እያነሱ። «ትውረድ፣ ትማር።»